የታሪክ ማስታወሻ፦ ተሰማ እሸቴ እና የበርሊን ሸክላዎች

የኢትዮጵያውያን ድምፅ በመሣሪያ የመቀዳት ታሪክ ከእንግሊዝና ከጀርመን ጋር የተሳሰረ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1898 ሰላምታዋን በፎኖግራፍ፣ ማለትም ድምፅን በሰም ጥቅልል ላይ በመርፌ ቀርጾ መልሶ በሚያሰማው መሣሪያ፣ ቀድታ ለዳግማዊ ምኒልክ ላከች፤ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም በቀጣዩ ዓመት በዚያው መንገድ ምላሻቸውን ሰደዱ። ያ ግን የነገሥታት መልእክት እንጂ ዘፈን አልነበረም።

የዘፈኑ ታሪክ በጀርመን ይጀምራል። የምንጃሩ ተወላጅ ተሰማ እሸቴ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ያደጉ፣ በኋላም ነጋድራስ፣ ማለትም የንግድና የቀረጥ ሹም፣ የተባሉ ሰው ሲሆኑ፣ በ1900 ዓ.ም. ስለ አውቶሞቢል እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተልከው ሳለ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ በበርሊን ዘፈኖቻቸውን በሸክላ፣ ማለትም በሙዚቃ ዲስክ፣ አስቀዱ። በሙያቸው አዝማሪ አልነበሩም፤ አዝማሪነት እንደ ዝቅተኛ ሥራ በሚታይበት ዘመን አንድ የቤተ መንግሥት ሰው ለዘፈን ድምፁን መስጠቱ ድፍረት ነበር፤ ይህ ድፍረታቸው ከቅጂው ባልተናነሰ ሊታወስ ይገባል።

ቅጂው ምን ያህል ቀደምት እንደሆነ ለመረዳት የአሜሪካን የገጠር ብሉዝ፣ ማለትም የደቡቡ ጥቁር አሜሪካዊ ብቻውን በጊታር እየታጀበ ብሶቱንና ፍቅሩን የሚያወርድበትን ዘፈን፣ ማነጻጸር ይጠቅማል። ዓይነ ስውሩ ሌመን ጄፈርሰን የተቀዳው እ.ኤ.አ. በ1926፣ ቻርሊ ፓተን በ1929፣ ሮበርት ጆንሰን ደግሞ 29 ዘፈኖቹን የተወው በ1936 እና በ1937 ነበር፤ በዚህ ስሌት ተሰማ ጄፈርሰንን ከ16 እስከ 18 ዓመት ይቀድማሉ።

የብሉዙንም የተሰማንም ዘፈን ያጠበበው አንድ ነገር ነው፦ የሸክላው አንድ ገጽ ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ይይዛል። የብሉዝ ዘፋኝ ጭፈራው እስኪያልቅ የሚያራዝመውን ዘፈን እዚያ ላይ ቆርጦ ያቆማል። ተሰማ ባዜሙት በአዝማሪ ዓይነት ዘፈን ላይ የደረሰው ጉዳት ግን ከዚህም ይከፋል፤ ታዳሚው «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፣ ዘፋኙ ያን ስንኝ በማሲንቆ፣ ማለትም ባለ አንድ ክር ሆኖ በደጋን በሚገዘገዘው መሣሪያ፣ እያጀበ ያዜመዋል፣ ሰሚውም ከግልጹ ሰም በታች ያለውን ስውር ወርቅ ፈልቅቆ ሲያገኝ ይስቃል ወይም ያዝናል። የበርሊን ሸክላ ስንኙን ያዘ፤ ስንኝ ሰጪውን ግን አላገኘውም።

ቅጂዎቹ ከመቶ ዓመት በኋላ በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 27ኛ ቅጽ ሆነው እንደገና ወጥተዋል። ተሰማ እስከ 1950ዎቹ ዓ.ም. ኖረዋል፤ ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል።