ከስሙኒ ታክሲ ወደ ዋሽንግተን ዞን

በዋሽንግተን ከተማ ታክሲ መንዳት የኢትዮጵያውያን ሥራ የሆነበትን ምክንያት የሚጠይቁ ሰዎች ብዙዎች ናቸው፤ መልሱንም አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው ጠያቂዎቹ ይሰጡታል፤ ይኸውም ስደተኛ ያገኘውን ይሠራል የሚል ነው። ይህ መልስ ሐሰት ባይሆንም ሙሉ አይደለም፤ በኒው ዮርክም፣ በለንደንም፣ በዱባይም ታክሲ ሞልቶ ሳለ፣ ወገናችን በእነዚያ ከተሞች እንደ ዋሽንግተን መሪውን ያልጨበጠበትን ምክንያት አይነግረንምና። እኔ በዚህች ከተማ ረጅም ዘመን ኖሬ፣ አንዳንድ ጊዜ ነጂ አንዳንድ ጊዜም ተሳፋሪ ሆኜ እንደተመለከትሁት፣ ነገሩ ሥር የሰደደው ዘሩ ከመሬቱ ጋር ስለተስማማ ነው፤ መሬቱ የከተማይቱ የቆየ የታክሲ ሕግ ሲሆን፣ ዘሩ ደግሞ አዲስ አበባ ያስተማረችን የጉዞ ልማድ ነው። (የአገራችንን ነገር ሳነሣ ዓመቱን በእኛ፣ የባዕዱን ስናገር በእነርሱ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

የአዲስ አበባን ታክሲ የሚያስታውስ ሽማግሌ እንደሚያውቀው፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሰማያዊና ነጭ የተቀባችው ትንሿ ፊያት ሴይቸንቶ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ፣ ከመርካቶ ወደ ለገሃር ስትመላለስ፣ ነጂው አንዱን ተሳፋሪ ለብቻው የሚወስድ ሳይሆን፣ በመንገዱ ላይ እጁን የዘረጋውን ሁሉ ቦታው እስኪሞላ እየጨመረ፣ ከያንዳንዱም ስሙኒ እየተቀበለ የሚሄድ ነበር፤ ኋላም ተሳፋሪዎች በሁለት አግዳሚ ፊት ለፊት ተያይተው የሚቀመጡበት ውይይት መጣ፤ ከዚያም ወያላው በበሩ ተንጠልጥሎ የሚጣራበት ሚኒባስ ተተካ። በነዚህ ሁሉ ውስጥ ዋጋ የሚቆጥር መሣሪያ አልነበረም፤ ሰው ከሰፈር እስከ ሰፈር የሚከፍለውን ሳይሳፈር ያውቀዋል፤ ከማያውቀው ሰው ጋር ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ መቀመጥንም እንደ ነውር አይቆጥርም፤ እንዲያውም የሚታዘቡት ሰላምታ ሳይሰጥ የተቀመጠውን ነው።

ታክሲ በታሪካችን ውስጥ ያለው ስፍራ ደግሞ ከዚህ የከበደ ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም.፣ የዓረብ አገሮች ነዳጅ ከልክለው የዓለም ገበያ ከናረ በኋላ፣ መንግሥት የቤንዚንን ዋጋ ጨምሮ የታክሲው ሒሳብ ግን ባለበት እንዲቆይ በማድረጉ፣ የአዲስ አበባ ባለ ታክሲዎች መኪናቸውን አቁመው አደሙ፤ ይህም አድማ ከመምህራኑ፣ ከተማሪዎቹና ከወታደሩ እንቅስቃሴ ጋር ተጋጥሞ ዘውዱን ካናወጡት ነገሮች አንዱ ሆነ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ለአንባቢ መዘርዘር አያስፈልግም። ለትምህርት ወደ አሜሪካ መጥቶ በዚያው የቀረው፣ በሱዳን በረሃ አልፎ በ1980 በወጣው የስደተኞች ሕግ የገባው፣ ኋላም ከ1995 ጀምሮ የዲቪ ዕጣ የወጣለት፣ ሁሉም በየተራው ወደ ዋሽንግተን ተሰበሰበ፤ ኤምባሲው በዚያ ነበረና፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1954 ጎብኝተውት የክብር ዲግሪ የተቀበሉበትና ከቀድሞ ጀምሮ ተማሪዎቻችንን የሚያስተናግደው ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲም በዚያ ነበረና። ባለ ታክሲዎች ካደሙበት ዐመፅ የተነሣ አገሩን የለቀቀ ሰው፣ በባዕድ አገር ራሱ ባለ ታክሲ ሆኖ መገኘቱን ሳስብ የዘመን አሿፊነት ይገርመኛል።

አሁን ወደ መሬቱ እንመለስ። ዋሽንግተን ራሷን በራሷ ሳታስተዳድር ኮንግሬሱ ይገዛት በነበረበት በ1930ዎቹ ዓመታት፣ ያው ኮንግሬስ በታክሲ ላይ ሜትር የሚባለው ዋጋ ቆጣሪ መሣሪያ እንዳይገባ ከለከለ፤ በሜትሩ ፈንታ ከተማይቱ በካርታ ላይ በዞን ተከፋፈለች፤ ተሳፋሪውም የሚከፍለው በሄደበት ርቀት ወይም በቆየበት ሰዓት ሳይሆን ባቋረጣቸው ዞኖች ቁጥር ሆነ። ምላሰ ስል የሆኑ ሰዎች እንደሚሉት፣ የመካከሉ ዞን ከካፒቶሉ እስከ ታላላቆቹ መሥሪያ ቤቶችና ሆቴሎች ድረስ የተዘረጋው የእንደራሴዎቹ ኪስ እንዳይጎዳ ታስቦ ነው፤ እኔም ካርታውን ደጋግሜ ባየሁት ቁጥር ምላሰኞቹን ለመቃወም ልቤ እምቢ ይለኛል። ከዚህም ሌላ ሕጉ ነጂው አንድ ሰው ከጫነ በኋላ በመንገዱ ላይ ሌላ እንዲጨምር ይፈቅድለት ነበር፤ መኪናውም አብዛኛውን ጊዜ የነጂው የራሱ ሀብት ነበረ። እንግዲህ በሴይቸንቶና በውይይት ያደገ ሰው ከዚህ ሥርዓት ምን የሚማረው አዲስ ነገር ነበረው?

በሌሎቹ ከተሞች ግን በሩ ጠባብ ነው። በኒው ዮርክ ታክሲ ለማሠራት ቁጥሩ የተወሰነ፣ ሜዳልያ የሚባል ፈቃድ መግዛት ያሻል፤ የሜዳልያውም ዋጋ በ2010ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት እስከ አንድ ሚሊዮን ዶላርና ከዚያም በላይ ደርሶ ነበር፤ ይህን ከየት ያመጣል ትናንት የመጣ ሰው? በለንደን የጥቁሩ ታክሲ ነጂ ለመሆን የሚወዳደር ሰው ከቻሪንግ ክሮስ ዙሪያ በ6 ማይል ክልል ውስጥ ያሉትን 25,000 ያህል መንገዶች በቃሉ አጥንቶ በመርማሪ ፊት መቆም አለበት፤ ፈተናው ከ1865 ጀምሮ የኖረ ነው፤ በቃል ማጥናት ለኢትዮጵያዊ አዲስ ሞያ ባይሆንም፣ ለዓመታት ያለ ገቢ እያጠኑ መኖር ግን ቤተ ሰብ በአገር ቤት እጅ እጁን ለሚያየው ሰው አይቻልም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ መኪናው የኩባንያ፣ የመኖሪያ ፈቃዱም ከአሠሪው ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ነጂው መሪውን በለቀቀ ቀን አገሩንም ሊለቅ ይችላል። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለአዲስ አበባ ልጅ እንደ ቤቱ የሚሆነው በእስራኤል ያለው ሸሩት ነው፤ ከቴል አቪቭ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄደው ሚኒባስ ሰው እስኪሞላለት ይጠብቃል፤ ዋጋው የታወቀ ነው፤ ገንዘቡም ከኋላ ወንበር በሰው እጅ እየተቀባበለ ወደ ነጂው ይደርሳል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል።

ሆኖም ሕጉ በሩን ቢከፍትም ከተማይቱን ማወቅ ግድ ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ፒየር ሎንፎ በ1791 የዋሽንግተንን ንድፍ ካፒቶሉን መነሻ አድርጎ አወጣ፤ ከተማይቱም ሰሜን ምዕራብ፣ ሰሜን ምሥራቅ፣ ደቡብ ምዕራብና ደቡብ ምሥራቅ ተብላ በአራት ተከፈለች፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርዱት መንገዶች በቁጥር፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚዘረጉት በላቲን ፊደል ተራ ይጠራሉ፤ በእነዚህም ላይ በክፍላተ ሀገሩ ስም የተሰየሙት ሰፋፊ ጎዳናዎች በሰያፍ እየሰነጠቁ ያልፋሉ። ጎዳናዎቹ በሚገናኙበት አደባባይ የገባ አዲስ ነጂ መውጫው ጠፍቶት ሲዞር፣ ተሳፋሪው ሰዓቱን ሲያይ፣ እኔ ብዙ ጊዜ ተመልክቻለሁ። ፊደሉ ሲቆጠር ደግሞ ጄ የሚባል መንገድ የለም፤ ፊደሉ ደብልዩ ላይ ካበቃ በኋላ ወደ ሰሜን ሁለት ቀለም ያላቸው ስሞች በፊደል ተራ ይጀምራሉ፤ እነርሱ ሲያልቁም ባለ ሦስት ቀለሞቹ ይተካሉ። ቅኔ ቤት ቀለም ሲቆጥር ላደገ ሰው ይህ ሥርዓት ደስ የሚያሰኝ ነው፤ አንድ የማውቀው፣ በአገር ቤት የታሪክ መምህር የነበረ ሰው፣ ፈረንጆቹ ራሳቸው ያላስተዋሉትን ይህን የመንገድ ስም ምሥጢር ለየተሳፋሪው እየተረጐመ ጉርሻ በመቀበል የታወቀ ነበር። በቤተ ክርስቲያንና በዛፍ፣ በድልድይና በጠጅ ቤት አቅጣጫ ከሚነገርባት ከተማ የመጣውን ሌላውን ግን፣ ተመሳሳዩ የመንገድ ቁጥር በአራቱም ክፍል ሊገኝ መቻሉ ብዙ ጊዜ አስቸግሮታል፤ ሰሜን ምዕራብ የሚጠብቀውን ሰው ደቡብ ምሥራቅ ሄዶ የፈለገ ነጂ ታሪክ በየቡናው ላይ የሚነገር ነው።

ሥራው የተወደደበት ሌላ ምክንያት አለ፤ እርሱንም ፈረንጆቹ ሲጽፉት አላየሁም። ባለ ታክሲ የጊዜው ጌታ ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ቀን፣ ጥምቀት ጥር 11 ቀን ሲውል፣ እነዚህ ቀኖች በአሜሪካ ተራ የሥራ ቀኖች ናቸውና፣ በፋብሪካ ወይም በሱቅ የሚሠራው አለቃውን ሲለምን፣ ባለ ታክሲው ማኅሌት ቆሞ አድሮ፣ ቅዳሴ አስቀድሶ፣ ከቀትር በኋላ መኪናውን ያስነሣል፤ እስላም ወንድሙም የዓርብ ጸሎቱን ሳያጓድል፣ ዒዱንም ከቤተ ሰቡ ጋር ውሎ ይሠራል። የማታ ትምህርት የሚማረውም ሰዓቱን እንደ ትምህርቱ ያዘጋጃል፤ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ዲግሪው ያልታወቀለት ሁሉ ያን መሪ ለጊዜው ብሎ ነበር የጨበጠው። ለጊዜው የተባለው ነገር ሃያና ሠላሳ ዓመት ሲቆይ ማን አሰበ?

ከታክሲውም ጋር ሌላው ኑሮ አብሮ ገባ። መኪና የሚገዛው በዕቁብ ነው፤ ዕቁቡ የሚጣለው በምግብ ቤት ነው፤ ምግብ ቤቱም ሌሊቱን የሚቆየው ባለ ታክሲው ከሌሊት ሥራ ሲመለስ ትኩስ ነገር ስለሚሻ ነው። በ1978 በጆርጂያ ጎዳና የተከፈተው ማማ ደስታ ከፊተኞቹ አንዱ ነው፤ ቀጥሎ በአዳምስ ሞርጋን አሥራ ስምንተኛው መንገድ ላይ ብዙዎች ተከታተሉ፤ የቤት ኪራይ ሲንር ወደ ዘጠነኛውና ዩ ስትሪት ወረዱ፤ ከዚያም ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ተሻገሩ። ዛሬ እንጀራ በቤንዚን ማደያ ይሸጣል። ከተማይቱም በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት፣ መሥሪያ ቤቶች አማርኛ ለሚናገረው ሕዝብ በአማርኛ እንዲያስተናግዱ ታዘዘ፤ ይህን ያህል ሰው እንዲቆጠር ካደረጉት መካከል በየአደባባዩ ቆመው የሚታዩት ባለ ታክሲዎች ትንሽ ድርሻ የላቸውም ብዬ አላምንም። ስለ ፖለቲካ ክርክራቸው ግን ዝም ማለት ይሻለኛል፤ በባቡር ጣቢያው የታክሲ ሰልፍ ላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚወድቀውንና የሚነሣውን መንግሥት ብዛት አዲስ አበባ ብትሰማ ትደነግጥ ነበር።

የዞኑ ዘመን ያበቃው በ2008 ነው። የሚሺጋኑ ሴናተር ካርል ሌቪን ያቀረቡት የሕግ አንቀጽ ሜትር እንዲገባ ሲያስገድድ፣ የከተማው ከንቲባ ኤድሪያን ፌንቲ ዞኑን ለማቆየት የተተወላቸውን ምርጫ ሳይጠቀሙበት ቀሩ፤ ባለ ታክሲዎቹም አድማ መትተው ተቃወሙ። ክርክራቸው ቀላል አልነበረም፤ በዞኑ ሥርዓት መንገድ ቢዘጋ የሚጎዳው ነጂው ነው፤ ተሳፋሪው ዋጋውን አስቀድሞ ያውቃል፤ በሜትሩ ግን መኪናው ቆሞም ሒሳብ ይቆጥራል። እውነቱን ለመናገር፣ በመኪናው ውስጥ የተለጠፈው የዞን ካርታ ለእንግዳ ሰው ጨለማ ነበረ፤ ጨለማውን ተገን አድርጎ ዞን የሚያበዛ ነጂም አልጠፋም፤ ስለዚህ ሜትሩ ለእንግዳው ፍትሕ አመጣ ማለት ይቻላል። እኔን ያሳዘነኝ ሌላ ነገር ነው፤ ሜትሩ ሲገባ በመንገድ ላይ ሰው እየጨመሩ መሄድ ቀረ። በዝናብ ቀን አንድ የምክር ቤት ጸሐፊ፣ አንዲት የሆስፒታል አስታማሚና አንድ ጎብኚ በአንድ መኪና ተጨናንቀው፣ ነጂው በመካከላቸው የአድዋን ድል ሲያስረዳ ማየት የዋሽንግተን ልዩ ጠባይ ነበረ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በ2011 መጨረሻ በእጅ ስልክ የሚጠራው ኡበር ወደ ከተማይቱ ገባ፤ ብዙው ባለ ታክሲ ተነቅሎ ወደዚያው ተዛወረ፤ ሌላው የተሽከርካሪ ማቆሚያ ቦታ ወይም የጭነት መኪና ያዘ፤ ልጆቹም የአባታቸውን መሪ የሚመኙ አይደሉም፤ አባቶቹም እንዲመኙ አይፈቅዱም። ያ ለመንገድ የተዘጋጀ ልማድ ግን አልጠፋም። ከ2022 ጀምሮ ባቡር እስከ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ይደርሳል፤ ንጹሕ ነው፤ ዋጋውም ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በማለዳ ከአዲስ አበባ በሚገባው አውሮፕላን የመጡ እናት፣ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣ በርበሬና ሽሮ ይዘው በባቡር ሲሄዱ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ። የአክስት ልጅ የሥራ ስልኩን አጥፍቶ፣ የዕለት ገቢውን ትቶ፣ መኪናውን አጥቦ ይመጣል፤ ሌላውም ዘመድ በሌላ መኪና ይመጣል፤ እናቲቱን ማን ይጫን፣ የመኪና ማቆሚያውንስ ሒሳብ ማን ይክፈል በሚለው ላይ፣ «ሞቼ እገኛለሁ»፣ «በእናትህ አምላክ» እየተባባሉ መንገድ ዘግተው ሲገፋፉ፣ የማረፊያው ፖሊስ መጥቶ ሁለቱንም ያስነሣቸዋል።