የላንድሮቨር አወላለድና የሞተር ለውጥ ነገር

ላንድሮቨር የሚባለው አውቶሞቢል በአገራችን ገጠር ብዙ ዘመን ያገለገለ ስለ ሆነ ስሙን ላስተዋውቃችሁ አያሻኝም። ዳሩ ግን ይህ አውቶሞቢል ራሱ በሞተር ለውጥ የተወለደ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ይመስለኛል። በዛሬው ንግግራችን ይህን ታሪክ እናወሳለን፤ ከዚያም በየጓሮአቸው አሮጌውን ሞተር አውጥተው ሌላ የተከሉበት ሰዎች ምን እንዳጋጠማቸው እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ይታደል ነበር፤ መንግሥትም ቅድሚያ የሚሰጠው ዕቃውን ወደ ውጭ አገር ለሚሸጥ ፋብሪካ ነበር። በዚያን ጊዜ የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ የነበረው ሞሪስ ዊልክስ፥ በዌልስ አንግልሲ በምትባለው ደሴት ባለው ርስቱ፥ ከጦር ሠራዊት የተረፈ የአሜሪካ ጂፕ ይሠራበት ነበር። ጂፑ ሲያረጅ በምን ይተካ? የሚለው ጥያቄ ተነሣ። ወንድሙ ስፔንሰር ዊልክስ የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ነበርና፥ ሁለቱ ተማክረው ምትኩን ራሳቸው ሊሠሩት ቈረጡ።

በ1947 የመጀመሪያው የሙከራ መኪና ተሠራ። የጂፑን ሻንሲና አክስል ወስደው ከሮቨር የከተማ አውቶሞቢል የወጣ ሞተር ተከሉበት። መሪውንም በመካከል አደረጉት፤ ይኸውም በግራ ለሚነዱትም በቀኝ ለሚነዱትም አገሮች አንዱ መኪና እንዲበቃ አስበው ነው። ሐሳቡ ብልኀት ቢመስልም ሳይመች ቀረ፤ የሙከራ መኪናውም እስከ ዛሬ አልተረፈም።

ለገበያ የታሰበው ላንድሮቨር በአፕሪል 30 ቀን 1948 በአምስተርዳም የአውቶሞቢል ኤግዚቢሽን ለሕዝብ ታየ። ብረት ስለ ጠፋ አካሉ በአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠርቶ ነበር። ሞተሩ 1.6 ሊትር፥ ኃይሉም 50 የፈረስ ጉልበት ነበር። የጂፑ ሞተር ግን 2.2 ሊትርና 60 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ስለዚህ ልጁ ከአባቱ ደከም ያለ ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። ነገር ግን ሞተሩ፥ ካምቢዮውና አክስሉ እርስ በርሳቸው የተመጣጠኑ ነበሩ፤ የስሙም መነሻ ከጉልበቱ ይልቅ ይህ መመጣጠን ነው ብዬ አምናለሁ።

እስቲ ኃይሉ ከሞተሩ እስከ ጎማው የሚሄድበትን መንገድ ልብ በሉ። መኪናው ለዳገትና ለጭቃ በተሠራው በዝቅተኛው የማርሽ ክፍል፥ በአንደኛ ማርሽ ሲነዳ፥ የሞተሩ የመጠምዘዝ ኃይል ወደ 40 እጥፍ ገደማ በዝቶ ወደ ጎማዎቹ ይደርሳል። ይህን ጫና ከዲፈረንሻሉ ተቀብሎ ለጎማው የሚያስረክበው ሴሚያስ የሚባለው የብረት ዘንግ ነው። የቀድሞዎቹ ላንድሮቨሮች ሴሚያስ ቀጭን ነበር።

እንግዲህ ሩቅ አገር ለመጓዝ የሚሹ ሰዎች የመኪናቸው ዝግታ አሰልችቷቸው የሞተር ለውጥ ጀመሩ። በአውስትራሊያ ባለ ስድስት ሲሊንደሩን የሆልደን ሞተር፥ በእንግሊዝ አገር ደግሞ የፐርኪንስን የናፍታ ሞተር ተከሉ። ናፍታው ቈጣቢ ቢሆንም ከባድ ስለ ነበር የፊቱን ባሊስትራ ያስጐነብሳል፥ ንዝረቱም ብሎን ያላላል። ከሁሉ ይልቅ የተወደደው ግን ባለ ስምንት ሲሊንደሩ የአሉሚኒየም ሞተር ነው። ይህን ሞተር ጄኔራል ሞተርስ ከ1961 እስከ 1963 በቢዩክና በመሰሎቹ አውቶሞቢሎች ካሠራው በኋላ ተወው፤ ሮቨር በ1965 የመሥራት መብቱን ገዛ፥ በ1970ም በሬንጅ ሮቨር ላይ አዋለው። ሞተሩ 3.5 ሊትር ሆኖ ሳለ ቀላል ነበር፤ ከአሮጌው ካምቢዮ ጋር የሚያገናኘውን ወፍራም ብረት አስቀርጾ፥ ማርሚታውን በብየዳ አስተካክሎ፥ ራዲያተሩን በትልቅ ለውጦ የሚተክለው ብዙ ሆነ።

ይህን ሁሉ በትጋት የፈጸመ ሰው ሴሚያሱን ከረሳ ግን ድካሙ በመጀመሪያው አሸዋ ላይ ይታያል። ጎማው ተቀብሮ ነጂው ቤንዚኑን አጥብቆ ሲረግጥ ዘንጉ ይቀነጠሳል። በከተማ ቢሆን የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ውኃ ሁለት ቀን በሚርቅበት በረሓ ግን የነፍስ ጉዳይ ነው። የላንድሮቨር የኋላ አክስል በዚህ በኩል ቸር ነው፤ የመኪናው ክብደት በሴሚያሱ ላይ ስለማያርፍ፥ በጎማው መካከል ያሉት ብሎኖች ተፈትተው መኪናው በክሪክ ሳይነሣ ዘንጉ ይወጣል፥ መኪናውም በፊት ጎማዎቹ እየተሳበ ሊጓዝ ይችላል። ልምድ ያላቸው መንገደኞች ትርፍ ሴሚያስ ሳይዙ የማይነሡትም ስለዚህ ነው።

ፋብሪካው ራሱ ይህን ሞተር በላንድሮቨር ውስጥ የተከለው በ1979 ነው። ያን ጊዜም ኃይሉን ወደ 91 የፈረስ ጉልበት ዝቅ አደረገው፤ ጫናው በአንድ አክስል ብቻ እንዳይወድቅም አራቱን ጎማዎች ዘወትር የሚያሽከረክረውን የሬንጅ ሮቨር ካምቢዮ አብሮ አስገባበት።