ዳኛውም ተጫዋቹም አንድ በሆነበት ሜዳ

የ1966 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ዕለት፣ አዲስ አበባ በዓሏን አክብራ ወደ ማምሻው ስትል፣ ሳንቲያጎ ውስጥ የጦር አውሮፕላኖች የቺሊን ቤተ መንግሥት ይደበድቡ ነበር። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1973 መሆኑ ነው። በምርጫ የተቀመጡት ሶሻሊስቱ ፕሬዚዳንት ሳልቫዶር አሌንዴ እዚያው ሞቱ፤ ጄኔራል ፒኖቼ መንበሩን ያዙ። በዓመቱ መስከረም 2 ቀን 1967 እኛም በተራችን የራሳችንን ወታደሮች ተቀበልን። በዓመት ከአንድ ቀን ልዩነት ማለት ነው። የኛዎቹ ወደ ግራ ነጎዱ፣ የነሱዎቹ ወደ ቀኝ። የኛዎቹ በ17 ዓመታቸው በጠመንጃ ወረዱ፤ ፒኖቼ ግን 16 ዓመት ተኩል ገዝተው የወረዱት በድምፅ መስጫ ወረቀት ነው። እንዴት? (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ፒኖቼ በ1980 ሕገ መንግሥት አጻፉና ሕዝቡ ድምፅ ይስጥበት አሉ። የመራጮች መዝገብ የሚባል ነገር አልነበረም። ከመቶ 67ቱ ደግፏል ተባለ። (መቼም ይህን ለኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በ1987 የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥትም በ81 ከመቶ ጸድቋል ተብሎልናል።) ሰነዱ ግን አንድ ቀጠሮ ነበረው። በስምንት ዓመቱ የጦር አዛዦቹ አንድ ዕጩ ያቀርባሉ፤ ሕዝቡም «አዎ» ወይም «አይሆንም» ይላል። ዕጩው ማን እንደሚሆን ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያሻም።

ተቃዋሚዎቹ ቀጠሮውን አልጠበቁም። በ1983 የመዳብ ሠራተኞች ማኅበር የጀመረው ተቃውሞ ከተሞቹን አናወጠ፤ ሰው አለቀ እንጂ መንግሥት አልወደቀም። በ1986 ታጣቂዎች የፒኖቼን አጀብ አድፍጠው መቱ፤ አምስት ጠባቂዎች ሞቱ፣ ሰውየው ተረፉ፣ አፈናው ባሰ። አደባባዩም ጠመንጃውም ተሞከረ። ታዲያ ምን ቀረ?

የቀረው ያ የተጠላ ሕገ መንግሥት ነበር። የክርስቲያን ዴሞክራቶቹ ፓትሪሲዮ ኤልዊን ገና በ1984 ያቀረቡት ሐሳብ ብዙዎችን አስቆጥቶ ነበር። ሰነዱ ሕጋዊ ነው አይደለም የሚለውን ክርክር እንተወው፤ እኔ ፒኖቼን አላሳምንም፣ እሳቸውም እኔን አያሳምኑኝም፤ ግን መኖሩ ሐቅ ነው፣ ከዚያ እንነሳ የሚል ነው። ሌላው ወገን ደግሞ «ገብተን ከተሸነፍን ፒኖቼን በገዛ እጃችን ቀባናቸው ማለት አይደል?» ይል ነበር። ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም። መዝገብ የሌለበት፣ ቴሌቪዥኑ የአንድ ሰው የሆነበት ምርጫ ምን ምርጫ ነው?

ሐሳቡን ይበልጥ መራራ ያደረገው ተናጋሪው ናቸው። በ1973 የኤልዊን ፓርቲ የአሌንዴ ቀንደኛ ተቃዋሚ ነበር፤ እሳቸውም መፈንቅለ መንግሥቱን ደግፈዋል። አሁን አብረን እንቁም የሚሉት መሪያቸው የሞተባቸውን፣ ጓዶቻቸው የተረሸኑባቸውን ሶሻሊስቶች ነው። በእኔ ግምት የቺሊ ተቃዋሚዎች ትልቁ ሥራ ፒኖቼን ማሸነፋቸው ሳይሆን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጣቸው ነው። በፌብሩዋሪ 1988 ተቃዋሚ ፓርቲዎቹ «አይሆንም» ለማለት ተስማሙ። ስለ ኢኮኖሚውም ስለ አሌንዴም አልተስማሙም፤ የተስማሙት በአንዲት ቃል ነው። ኮሚኒስቶቹ ውጭ ቀሩ፤ ዘግይተው ግን እነሱም ደጋፊዎቻቸው «አይሆንም» እንዲሉ ጠሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው አሰልቺው ሥራ ነው፤ ግን ያሸነፈው እሱ ነው። የራሱ የፒኖቼ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ1985 ሕዝበ ውሳኔው ነጻ የምርጫ ፍርድ ቤት ሳይኖር አይካሄድም ብሎ ወስኖ ነበር። በ1987 መዝገብ ሲከፈት ተቃዋሚዎቹ ቤት ለቤት ሕዝቡን «ተመዝገብ» አሉት፤ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ። በኤፕሪል 1988 ሶሻሊስቱ ሪካርዶ ላጎስ በቴሌቪዥን ቀርበው ጣታቸውን ወደ ካሜራው ቀስረው፣ ፒኖቼን በስማቸው ጠርተው፣ ሌላ ስምንት ዓመት ግርፋትና ግድያ ልትጨምሩብን ነው ወይ አሉ። አገሩ ትንፋሹን ዋጠ።

ድምፅ ሊሰጥ ሲቃረብ ለእያንዳንዱ ወገን በቀን 15 ደቂቃ የቴሌቪዥን ጊዜ ለ27 ቀናት ተፈቀደ፤ ያውም ሰው በሚተኛበት ሰዓት። ቺሊ ግን አልተኛችም። ሁሉም ልቅሶ ሲጠብቅ፣ ተቃዋሚዎቹ ቀስተ ደመናና ደስታ ይዘው መጡ። አንዳንድ የግፉ ሰለባዎች ይህን እንደ ስድብ ቆጥረውታል፤ አልፈርድባቸውም። ሐዘኑ ግን አልተረሳም። በጥንድ የሚጨፈረውን የአገሪቱን ባህላዊ ጭፈራ፣ ደብዛቸው የጠፋ ሰዎች ቤተሰብ የሆኑ ሴቶች ያለ ጥንድ፣ ብቻቸውን ጨፈሩት።

ኦክቶበር 5 ቀን 1988 መራጩ ገና በማለዳ ተሰለፈ። ማታ መንግሥት ጥቂት ጣቢያዎች ብቻ ቆጥሮ «አዎ» እየመራ ነው አለና ዝም። ተቃዋሚዎቹ ግን በየጣቢያው ታዛቢ፣ በከተማው ኮምፒዩተር ነበራቸው፤ ቁጥሩን በእጃቸው ይዘዋል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የአየር ኃይሉ አዛዥ ጄኔራል ማቴይ ወደ ቤተ መንግሥት ሲገቡ ለጋዜጠኞች «አይሆንም» ማሸነፉ ለእኔ ግልጽ ነው አሉ። ነገሩ እዚያ በር ላይ አበቃ። 56 ለ44።

ሒሳቡ ግን ተከፍሏል። በማርች 1990 ኤልዊን ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ፒኖቼ ከቤተ መንግሥት ወጡ እንጂ ከጦር ሠራዊቱ አልወጡም፤ እስከ 1998 አዛዥ ነበሩ፣ ከዚያም የዕድሜ ልክ ሴናተር። ኤልዊን ወደ ፍትሕ በተራመዱ ቁጥር የጄኔራሉ ጥላ ከፊታቸው ነበር። ሕገ መንግሥቱ ብዙ ጊዜ ተሻሽሎ፣ በ2005 የፒኖቼ ፊርማ ተነሥቶ የላጎስ ገባበት፤ ያ ጣታቸውን የቀሰሩት ሰው ያኔ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ሙሉ በሙሉ ለመተካት በ2022 እና በ2023 የቀረቡትን ሁለት ረቂቆች ግን ሕዝቡ ራሱ «አይሆንም» አላቸው። ብቻቸውን የጨፈሩት ሴቶች ሲፈልጓቸው ከነበሩት መካከል ከአንድ ሺህ በላይ የሚሆኑት ሰዎች ዛሬም አልተገኙም።