የጉሙ ደሴት አጋቬ

«መሬቱ ባዶ ነው» ብሎ በጥናት ዘገባው ላይ ጽፎ የማያውቅ መሐንዲስ ጥቂት ሳይሆን አይቀርም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሥራ በጀመረበት ዓመት ለመንገድ ቅየሳ ወደ ቆላ አገር ወርዶ ሳለ ይህንኑ ቃል በማስታወሻው አስፍሯል። መንገዱን ይመሩን የነበሩት አዛውንት «ምን ብለህ ጻፍክ ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። «ባዶ ከሆነ እኛስ ከየት መጣን?» አሉና ዝም አሉ። የአዛውንቱ ጥያቄ ዘወትር ከኅሊናዬ አልወጣም። ስለ አንድ የሩቅ አገር ደሴትና በዚያ ስለሚበቅል ተክል ታሪክ ሳነብም ጥያቄው እንደ አዲስ ተመልሶ መጣብኝ። በዚህ የዓመት መጽሔታችን ላይ ለሙያ ባልደረቦቼ ላቀርበው የወደድኩትም ይህንኑ ታሪክ ነው።

ተክሉና ደሴቱ

ሴድሮስ በሜክሲኮ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ከባሃ ካሊፎርኒያ ባሕረ ገብ መሬት ፊት ለፊት በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ የሚገኝ ተራራማ ደሴት ነው። ስፋቱ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ካሬ፣ የከፍተኛው ተራራ ቁመት ደግሞ ወደ 1,200 ሜትር ይደርሳል። በአካባቢው በዓመት የሚዘንበው ዝናብ በአማካይ ከ100 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ይሁን እንጂ ከቀዝቃዛው ባሕር እየተነሣ ተራራውን የሚሸፍነው ጉም ለዕፅዋቱ ሁለተኛ የውኃ ምንጭ ሆኖላቸዋል። በደሴቱ ሰሜናዊ ክፍል በከፍታው ላይ የሚታየው የጥድ ደን ሕይወቱ የተመሠረተው በዚሁ ጉም ላይ ነው።

ከጥዱ ዝቅ ብሎ በድንጋያማው ተዳፋት ላይ የሚበቅለው አጋቬ ነው። አሜሪካዊው የዕፅዋት ሊቅ ኤድዋርድ ሊ ግሪን እ.ኤ.አ. በ1885 ዓ.ም. አጋቬ ሴባስቲያና የሚል ሳይንሳዊ ስም ሰጠው። ይህ ዝርያ በሴድሮስ፣ በአጠገቡ ባሉት የናቲቪዳድና የሳን ቤኒቶ ደሴቶች፣ እንዲሁም ፊት ለፊት ባለው የየብስ ጫፍ እንጂ በተፈጥሮ በሌላ ስፍራ አይገኝም። ሥጋማ ቅጠሎቹ እንደ ጽጌረዳ አበባ ዙሪያውን ተደራርበው ይወጣሉ፤ ጫፋቸውም እሾህ ነው። ተክሉ ለብዙ ዓመታት ኃይሉን ሲያጠራቅም ይቆይና አንድ ጊዜ ብቻ ረጅም አገዳ አውጥቶ ቢጫ አበባ ያብባል፤ ያበበውም ራስ ከዚያ በኋላ ይሞታል።

የአጋቬ አሠራር በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ የሚያስደንቅ ነው። አብዛኞቹ ዕፅዋት የቅጠላቸውን ቀዳዳዎች በቀን ከፍተው አየር ሲያስገቡ ብዙ ውኃ በትነት ያጣሉ። አጋቬ ግን ቀዳዳዎቹን በቀን ዘግቶ በሌሊት ቅዝቃዜ ይከፍታል፤ ያስገባውንም የካርቦን አየር በአሲድ መልክ አስቀምጦ በማግሥቱ በፀሐይ ብርሃን ይሠራበታል። እንደ ጎድጓዳ የተሠሩት ቅጠሎችም ጠብታውን ሁሉ ወደ ሥሩ ያወርዱታል።

የአጋቬ ዘመዶች በዓለም ታሪክ ውስጥ ታላቅ ስፍራ ይዘዋል። ከአንደኛው ተኪላ የተባለው መጠጥ ይጠመቃል። በአገራችንም ቃጫ ሲባል የምናውቀው ሲሳል ስሙን ያገኘው በሜክሲኮ የዩካታን ጠረፍ ከሚገኘው የሲሳል ወደብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 ዓ.ም. ሪቻርድ ሂንዶርፍ የተባለው የጀርመን የእርሻ ሊቅ ከፍሎሪዳ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ካስመጣቸው ችግኞች በሕይወት የደረሱት 62 ብቻ ነበሩ። ከነዚህ 62 ችግኞች የተነሣው እርሻ በኋላ ታንጋኒካን ከዓለም ቀዳሚ የሲሳል አምራቾች አንዷ አደረጋት። የሴድሮሱ አጋቬ ግን ማንም ሳያስፋፋው በዓለቱ ላይ እንደ ቀረ ነው። የእርሱ ታሪክ የተቆራኘው በዚያው ደሴት ይኖሩ ከነበሩት ሰዎች ጋር ነው።

የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች

አሜሪካዊው የጥንታዊ ቅርስ ተመራማሪ ማቲው ዴ ሎሪዬ ባካሄደው ቁፋሮ በሴድሮስ ሰዎች የኖሩት ከ12,000 ዓመታት ገደማ ጀምሮ እንደሆነ ተረጋግጧል። በዚያን ዘመን የባሕሩ ከፍታ ከዛሬው ያነሰ ስለነበረ ሴድሮስ ከየብሱ ጋር የተያያዘ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. ይፋ በሆነው ጥናት ከተገለጹት ግኝቶች መካከል ከባሕር ዛጎል የተሠሩ የዓሣ መንጠቆዎች ይገኙበታል። ዕድሜያቸው ከ11,000 ዓመት በላይ ሲሆን በአሜሪካ ምድር እስከዚያ ጊዜ ከተገኙት መንጠቆዎች ሁሉ በጥንታዊነታቸው የሚጠቀሱ ናቸው።

መንጠቆ ደግሞ ያለ ገመድ አይሠራም። ገመድ በአፈር ውስጥ ይበሰብሳልና ለተመራማሪው የሚቀርለት ዛጎሉ ብቻ ነው። ሆኖም የባሕረ ገብ መሬቱ ሕዝቦች ገመዳቸውንና መረባቸውን ይሠሩ ከነበሩባቸው ነገሮች ዋናው የአጋቬ ቃጫ እንደነበረ ይታወቃል። ስለሆነም ያ መንጠቆ የተንጠለጠለበትን ክር በዓይነ ኅሊና ስንፈልግ ተዳፋቱ ላይ የቆመውን ይህን ተክል ማሰባችን ተገቢ ነው።

አጋቬ ምግብም ነበር። ጥሬው አፍንና ቆዳን ያቃጥላል። ነገር ግን ተክሉ አገዳ ሊያወጣ ሲቃረብ ለአበባው ያጠራቀመው ኃይል በሙሉ በመሃል ግንዱ ውስጥ ይከማቻል። ሰዎቹ ይህን ጊዜ ለይተው ያውቁ ነበር። ቅጠሉን መልምለው ግንዱን በጋለ ድንጋይ መካከል ካበሰሉት በኋላ ጣፋጭ ምግብ ይሆናል፤ ረጅሙ ሙቀት ተክሉ ያከማቸውን ሰውነት የማይፈጨውን ነገር ወደ ስኳር ይለውጠዋልና። እ.ኤ.አ. በ1772 ዓ.ም. በማንሃይም ከተማ ስለ ካሊፎርኒያ መጽሐፍ ያሳተመው ኢየሱሳዊው ቄስ ያኮብ ቤጌርት የባሕረ ገብ መሬቱ ሰዎች ይህን ግንድ በእሳት አብስለው ይመገቡት እንደነበር ጽፏል።

ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በደቡብ አገራችን የሚኖረው ገበሬ እንሰትን የሚቆርጠው ማበቢያው በተቃረበ ጊዜ ነው፤ ምግቡን ከግንዱና ከሥሩ ያወጣል፤ ቃጫውንም ለገመድ ያውላል። ሁለቱ ተክሎች በዘር አይገናኙም። በየፊናቸው የኖሩት ሕዝቦች ግን ለአንድ ዓይነት ችግር አንድ ዓይነት መፍትሔ አግኝተዋል።

የውጭ ሰዎች መምጣትና የደሴቱ ባዶ መሆን

እ.ኤ.አ. በጥር 1540 ዓ.ም. በኤርናን ኮርቴስ የተላከው ፍራንሲስኮ ዴ ኡሎዋ ከመርከቦቹ ጋር ወደ ደሴቱ ደረሰ። በተራራው ራስ ላይ ያየውን ረጃጅም ዛፍ አርዘ ሊባኖስ መስሎት ደሴቱን ሴድሮስ አለው፤ ዛፉ ግን የጥድ ወገን ነበር። ስህተቱ በካርታ ላይ ታትሞ እስከ ዛሬ ይኖራል። ነዋሪዎቹ ግን ለደሴታቸው ሁዋማልጓ የሚል ስም ነበራቸው፤ ይኸውም «ጉማሟ» እንደማለት ነው። ካርታ ሠሪው ዛፉን አይቶ ሲሰይም ነዋሪው የሰየመው ዛፉን በሕይወት የሚያቆየውን ነገር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1732 ዓ.ም. ሲጊስሙንዶ ታራቫል የተባለ ኢየሱሳዊ ቄስ በሳን ኢግናሲዮ ሚሲዮን ሳለ የደሴቱ ሰዎች አገራቸውን ለቀው ወደ ሚሲዮኑ እንዲዛወሩ አደረገ። ሕዝቡን በአንድ ስፍራ ሰብስቦ ማስተማርና ማስተዳደር የዘመኑ የሚሲዮን ደንብ ነበር። በአንድ ስፍራ የተሰበሰበው ሕዝብ ግን ከአውሮፓ ለመጣው በሽታ ይበልጥ የተጋለጠ ሆነ፤ በባሕረ ገብ መሬቱ ሚሲዮኖች በተደጋጋሚ የተነሣው ወረርሽኝም ሕዝቡን ፈጀው። የኮቺሚ ቋንቋም ከጊዜ በኋላ ተናጋሪ አጥቶ ጠፋ። ግንዱ የሚቆረጥበትን ጊዜ የሚያውቅ፣ የምንጮቹን ቦታ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚለይ ሰው በደሴቱ ላይ አልቀረም። ብዙ ሺህ ዓመት የፈጀ እውቀት በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሁሉ ደሴቱን ባዶ አድርገው ነው ያገኙት። የባሕር አቆስጣና የአሣ ነባሪ አዳኞች ተፈራረቁበት። በ20ኛው መቶ ዓመት ደግሞ የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ የዛሬውም መንደር ተመሠረተ።

ጨውና ወደብ

ለእኛ ሙያ ይበልጥ የሚቀርበው ምዕራፍ እ.ኤ.አ. በ1954 ዓ.ም. ይጀምራል። በዚያ ዓመት አሜሪካዊው ባለ መርከብ ዳንኤል ሉድቪግ ከደሴቱ ፊት ለፊት በየብሱ ላይ በጌሬሮ ኔግሮ የጨው ማምረቻ አቋቋመ። የባሕር ውኃ በፓምፕ ወደ ሰፋፊ ገንዳዎች ይገባል፤ ፀሐይና ነፋስ ያተኑታል፤ ጨው ይቀራል። ድርጅቱ ሙሉ ኃይሉን ሲጠቀም በዓመት ወደ 7 ሚሊዮን ቶን ያመርታል። የቀድሞዎቹ ነዋሪዎች በጥበብ ተቋቁመውት የኖሩት ድርቀት ለጨው ማምረቻው ዋና ሀብት ሆነ።

ችግሩ ወደቡ ነበር። የጌሬሮ ኔግሮ ባሕር ጥልቀት ስለሌለው ታላላቅ መርከቦች ሊጠጉ አይችሉም። መሐንዲሶቹ ያገኙት መፍትሔ ጨውን በጠፍጣፋ ጀልባዎች ጭኖ ጥልቅ ውኃ ወዳለበት ወደ ሴድሮስ ማሻገርና ከዚያ በታላላቅ መርከቦች ወደ ውጭ አገር መላክ ነው። ከሩቅ ለሚያየው በደሴቱ ደቡባዊ ጫፍ የተከመረው ጨው በረሃ ላይ የወረደ በረዶ ይመስላል። ሥራው በሚገባ የታሰበበት መሆኑን ማንም ባለሙያ አይክድም።

ሆኖም በሳን ቤኒቶ ደሴቶች የደረሰውንም ማስታወስ ይገባል። ሰዎች ይዘዋቸው የገቡ ጥንቸሎች በምዕራባዊው ደሴት የሚገኘውን አጋቬና ሌሎች ዕፅዋት ይበሉ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. ተመራማሪዎችና የአካባቢው ሰዎች ተባብረው ጥንቸሎቹን ከደሴቱ ባያስወግዱ ኖሮ የጉዳቱ መጨረሻ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ድርቅን የሚችለው ተክል ድንገት የመጣበትን እንግዳ መቋቋም አልቻለም፤ የደሴቱም ሰዎች የደረሰባቸው ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ግንባታ ይቅር የሚል አይደለም። ወደብም፣ ጨው ማምረቻም፣ መንገድም ያስፈልጋል። ነገር ግን በጥናት ቅጾቻችን ላይ ስለ አፈሩ ጥንካሬ፣ ስለ ተዳፋቱና ስለ ውኃው ጥልቀት የምንሞላቸው ረድፎች ሲኖሩ፣ በቦታው ማን ይኖር እንደነበረና በምን ዘዴ ይኖር እንደነበረ የሚጠይቅ ረድፍ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ይህን መጠየቅ የታሪክ ሊቃውንት ሥራ ብቻ ነው ብለን ብንተወው የምንጎዳው እኛው ነን። ምንጩን የሚያውቅ ሰው ሳለ ሳንጠይቀው ቀርተን፣ እርሱ ከሄደ በኋላ በከፍተኛ ወጪ ጉድጓድ ስንቆፍር እንገኛለንና።

በዚያ በቆላው ጉዞ የጻፍኩትን ቃል በማግሥቱ ሰርዤዋለሁ። በምትኩም አዛውንቱ ያሳዩኝን የውኃ ጉድጓዶች፣ የከብት መንገዱንና የመቃብሩን ስፍራ በካርታው ላይ አሰፈርኩ። የመንገዱም መስመር በዚሁ ምክንያት ከመቃብሩ እልፍ ብሎ እንዲያልፍ ተደረገ። ተጨማሪው ወጪ ከአንድ ቀን የቅየሳ ሥራ አልበለጠም።