የሰው ኅብረተሰብ የኃይል ሥነ-ምህዳር

የሰው ኅብረተሰብ የኃይል ሥነ-ምህዳር ሰዎች ኃይልን ወይም ኢነርጂን ከየት እንደሚያገኙ፣ ለማግኘት ምን ያህል እንደሚያወጡና ምን ያህሉ እንደሚተርፋቸው የሚመረምር የጥናት ዘርፍ ነው። ለዚህም ሐይቅን፣ ደንንና እንስሳትን ለማጥናት የወጡ ጽንሰ-ሐሳቦችን ይጠቀማል። መነሻ ሐሳቡ መንደርም ሆነ ከተማ እንደማንኛውም ሕያው ፍጡር ከውጭ በሚገባ ኃይል ይኖራል የሚል ነው።

ታሪክ

አልፍሬድ ሎትካ በ1922 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው ጽሑፎች፣ ያለውን ኃይል በተሻለ መንገድ የሚይዙና የሚጠቀሙ ፍጥረታት በተፈጥሮ ምርጫ ብልጫ እንደሚኖራቸው አስረዳ። ሬይመንድ ሊንደማን በ1942 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናቱ በአሜሪካ ሚኒሶታ የምትገኝን አንዲት ትንሽ ሐይቅ የኃይል ፍሰት ለካ። በቀጣዩ ዓመት የሥነ-ሰብ ምሁሩ ሌስሊ ዋይት የባህል ዕድገትን አንድ ሰው በዓመት ከሚያገኘው የኃይል መጠን ጋር አያያዘ። ሃዋርድ ኦዱም ደግሞ በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ተፈጥሮንና የሰውን ኅብረተሰብ በአንድ ዓይነት የኃይል ሥዕላዊ መግለጫ አቀረበ። በእርሱ ትንታኔ የዘመናዊ እርሻ ምርት ከፀሐይ ብቻ ሳይሆን ለማዳበሪያና ለትራክተር ከሚውለው ነዳጅም የተገኘ ነው።

ዋና ጽንሰ-ሐሳቦች

የኃይል ፍሰት፦ ኃይል ከአንዱ ወደ ሌላው በተላለፈ ቁጥር ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ስለዚህ ከሣር ወደ በሬ፣ ከበሬ ወደ ሰው የሚደርሰው እያነሰ ይሄዳል።

የተጣራ ኃይል፦ ከተገኘው ኃይል ላይ ለማግኘት የወጣው ሲቀነስ የሚቀረው ነው። አዳኝ እንስሳ ከሚበላው ይልቅ ለማደን የሚያወጣው ጉልበት ከበለጠ ይሞታል። ነዳጅ የሚቆፍር አገርም ከዚህ ሒሳብ አያመልጥም።

የመሸከም አቅም፦ አንድ አካባቢ ሀብቱ ሳይመናመን ሊያኖር የሚችለው የፍጥረታት ብዛት ነው። ሰው ከሩቅ ማስመጣትና የኃይል ምንጩን መለወጥ ስለሚችል ለሰው ይህ ልክ ቋሚ አይደለም።

የንጥረ ነገር ዑደት፦ ኃይል አንዴ ያልፋል፤ ንጥረ ነገር ግን ወደ አፈር ሊመለስ ይችላል። እንጨት በጠፋበት አካባቢ ኩበት ሲነድ፣ ለማዳበሪያ ይውል የነበረው ናይትሮጅን በአብዛኛው ከጭሱ ጋር ይሄዳል። የማገዶ እጥረት በዚህ መንገድ ወደ እህል እጥረት ሊያመራ ይችላል።

ምሳሌ፦ አዲስ አበባና ማገዶ

አዲስ አበባ በ1886 እ.ኤ.አ. ከተቆረቆረች በኋላ ሕዝቧ ሲበዛ በዙሪያዋ የነበረው ደን በማገዶና በቤት ሥራ ተመናመነ። እንጨት የሚመጣበት ርቀት በእጥፍ ሲጨምር እያንዳንዱ ሸክም የሚፈልገው ጉዞም በእጥፍ ይጨምራል። ተሸካሚውም አህያውም ቀለብ ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ደን ጨርሶ ሳይጠፋ የተጣራው ኃይል ይቀንሳል። ዳግማዊ ምኒልክ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ በአዲስ ዓለም ሌላ ዋና ከተማ ማሠራት ከጀመሩባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የእንጨት እጥረት ነበር።

ዝውውሩ ግን ቀረ፤ በአዲስ ዓለም ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንጻም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከምክንያቶቹ አንዱ በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ዛፉ በፍጥነት ያድጋል፣ ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። በከተማዋ አጠገብ በመተከሉ የማገዶውን መንገድ አሳጠረ፤ በሥነ-ምህዳር አነጋገር የአካባቢውን የመሸከም አቅም ከፍ አደረገ። በአንጻሩ ብዙ ውኃ መጠጣቱና ከሥሩ ሌላ ተክል እንደልብ አለማብቀሉ ያስተቸዋል።

ትችት

ተቺዎች ኅብረተሰብ ሐይቅ አይደለም ይላሉ፦ ሕግ፣ ገበያ፣ እምነትና ፖለቲካ አለው፤ የኃይል መጠን ብቻውን የአንድን ሕዝብ ታሪክ አያስረዳም። አማካይ ቁጥርም ወጪው በማን ላይ እንደወደቀ ይሸፍናል። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩ ሴቶች ያወጡት ጉልበት በማገዶው ዋጋ ውስጥ በሙሉ አይታይም። ዘርፉን የሚደግፉ ደግሞ ለመልሱ ያንኑ ዘዴ ይጠቅሳሉ፤ ወጪን በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በጉልበት መለካት እንዲህ ያለውን ድካም ከሒሳቡ ውስጥ ያስገባዋል።