ድባቴ፦ ‹ደበረኝ› ከሚባለው ያለፈ ሕመም

በደሴና በኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች ‹ደበረኝ› የማይል ተማሪ አይገኝም። ክፍለ ጊዜው ሲረዝም ይደብራል፤ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ከተማውን ሲያለብሰው ይደብራል። ይህ ዓይነቱ ድብርት ሰበቡ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። የአእምሮ ሐኪሞች ‹ድባቴ› የሚሉት ግን ሌላ ነው። በሕክምናው ‹ዲፕሬሽን› የሚባለው ይህ ሕመም በአማርኛ ‹የመንፈስ ጭንቀት›ም ‹ድብርት›ም ሲባል ቆይቶ፣ በቅርብ ዓመታት በባለሙያዎችና በመገናኛ ብዙኃን ዘንድ ‹ድባቴ› እየተለመደ መጥቷል። እኔም ይህንኑ እመርጣለሁ። ‹ጭንቀት› ራሱን የቻለ የሌላ ሕመም ስም ነው፤ ‹ድብርት› ደግሞ የየዕለቱን ስሜት ስለሚጠራ የታመመውን ልጅ ካልታመመው ጋር ይቀላቅለዋል።

ድባቴ ለመባል ምልክቶቹ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ አብዛኛውን ቀን፣ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ መታየት አለባቸው። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፤ የስሜት መጨለምና ድሮ ይወዱት ለነበረ ነገር ፍላጎት ማጣት። የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ ድካም፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ የሰውነት መፍዘዝ ወይም መቁነጥነጥ፣ ራስን እንደ ከንቱ መቁጠርና ስለ ሞት ማሰላሰል ይከተላሉ። ከዘጠኙ አምስቱ ሲገኙ፣ ከእነሱም አንዱ ከዋናዎቹ ሲሆንና ኑሮውን ሲያውኩት ሐኪሙ ድባቴ ይለዋል። በታዳጊዎች ላይ ግን የስሜቱ መጨለም ብዙ ጊዜ በብስጭት ይገለጣል። ልጁ አያለቅስም፤ ይቆጣል፣ በሩን ዘግቶ ይተኛል፣ ውጤቱ ያሽቆለቁላል። ቤተሰብ ‹ጠገበ›፣ መምህር ‹ሰነፈ› ይለዋል። ብዙዎቹ የሚናገሩት ስለ ራስ ምታትና ስለ ሆድ ሕመም ነው፤ ሲበዛ ‹ሆዴን ባር ባር ይለኛል› ቢሉ ነው።

ለሕመሙ የሚያጋልጡ ነገሮች ብዙ ናቸው፤ በዘር ሊወረስ ይችላል፣ በጉርምስና ወቅት ሴቶች ልጆች ላይ ከወንዶች ይበልጥ ይታያል። በእነዚህ ሁለት ከተሞች ግን ጦርነቱን ቀድሞ የሚመጣ የለም። በ2013 ክረምት ከሰሜን ወሎ የሸሹ ቤተሰቦች በደሴ ትምህርት ቤቶች ተጠልለው ነበር፤ ከጥቅምት እስከ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ደሴና ኮምቦልቻ ራሳቸው በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆዩ። ያኔ ተኩሱን በእናታቸው ጉያ ሆነው የሰሙ ልጆች ዛሬ ታዳጊዎች ናቸው። ወላጅ ማጣት፣ መፈናቀልና የቤት ድህነት ጦርነቱ ካበቃም በኋላ ልጁን ይከተሉታል። በ2015 በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ሳያገግሙ ደረሰባቸው።

በዚህ ላይ የዓረብ አገር ስደት አለ። ደቡብ ወሎ ሴቶች በብዛት ወደ ዓረብ አገር ከሚሄዱባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ እናቱን በስልክ ብቻ እያወቀ ከአያቱ ጋር የሚያድግ ልጅ ብርቅ አይደለም። የሚላከው ገንዘብ ደብተር ይገዛል፤ የልጁን ፊት አይቶ ‹ምን ሆነሃል?› የሚለው ሰው ግን ሩቅ ነው። ጫቱም ቅርብ ነው፤ እንቅልፍን ያዛባል፣ ምርቃናው ሲያልፍ የሚመጣው መውረድም አለ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሌላው ሸክም ነው። በ2014 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀረው ተማሪ ሁሉ በአንድ ጊዜ ‹ወደቅህ› ሲባል፣ አስቀድሞ የተጎዳው ልጅ ውድቀቱን የራሱ ከንቱነት ማስረጃ አድርጎ ይወስደዋል።

ወሎ ለተከፋ ሰው ‹አብሽር› ይላል። ደግ ቃል ነው፤ ድባቴ ለያዘው ልጅ ግን ብቻውን አይበቃውም። ዱዓውም ጠበሉም ይቀጥል፤ ሕክምናው ከእነሱ ጎን ይቁም። ጤና ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት የዘጠኝ ጥያቄ መመዘኛ በአማርኛ አለ። ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፤ ነጥቡ ከ0 እስከ 27 ነው፣ 10ና ከዚያ በላይ ያመጣ በባለሙያ በደንብ መታየት አለበት። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለ መጉዳት ነው። ወላጆች ‹ብጠይቀው አስታውሰው ይሆን?› ብለው ይፈራሉ። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ ብቻውን የተሸከመውን ልጅ ያስተነፍሰዋል። ‹አዎ› ካለ ብቻውን አይተው፤ መድኃኒት፣ ፀረ ተባይና ስለት ከአጠገቡ ይራቁ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

የደሴ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በጦርነቱ ተዘርፎ እንደገና የቆመ ነው፤ የአእምሮ ሕክምናም ይሰጣል። ለታዳጊ መጀመሪያ የሚታሰበው የንግግር ሕክምናና የቤተሰብ ምክር ነው። ሕመሙ ሲጠና በባለሙያ ክትትል መድኃኒት ይታዘዛል፤ ለውጡ ለመታየት ሳምንታት ይፈጃል፣ ልጁ ከተሻለው በኋላም ለወራት ይቀጥላል። ‹ዳነ› ብለው በራሳቸው የሚያቋርጡ ቤተሰቦች ሕመሙን ሊመልሱት ይችላሉ፤ መቼና እንዴት እንደሚቆም የሚወስነው ያዘዘው ሐኪም ነው።