አያት የነገሩት ማዕበል

ሥነ ቃል አስተምር በነበረበት ዘመን በየዓመቱ አንድ ተማሪ ከኋላ ወንበር እጁን ያወጣና «መምህር፣ ተረት ግን ለምን ይጠቅማል?» ይለኝ ነበር። «ትውልድን ከትውልድ ያገናኛል» ምናምን ብዬ አልፈዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ራሴንም አላሳመንኩበትም። የሲሜሉዌን ነገር ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ መልሱ አፌ ላይ ነበር።

ሲሜሉዌ ከሱማትራ በስተ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ትልቋ ሱማትራ ደግሞ በስፋት ከዓለም ስድስተኛዋ ናት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1,700 ኪሎ ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ የምድር ወገብ መሀል ለመሀል ያቋርጣታል። በምዕራብ ዳርቻዋ የባሪሳን ተራሮች እሳተ ገሞራዎቻቸውን ይዘው ተሰልፈዋል፤ በምሥራቅ ደግሞ ምድሩ ሜዳና ረግረግ ነው። ዝናብና ደን እንደ ልብ ነው። የሚያሳዝነው ይህ ሁሉ ጸጋ ዕረፍት በሌለው መሬት ላይ መዘርጋቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከውቅያኖሱ በታች ያለው የምድር ቅርፊት በዓመት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እየገፋ ከሱማትራ ሥር ይገባል። ታዲያ በሰላም አይንሸራተትም፤ ሁለቱ ዐለቶች ይነካከሳሉ። የላይኛው ይጎብጣል፣ አንድ ምዕት ሁለት ምዕት ዓመት ይችለዋል፤ አልችል ያለ ዕለት ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይፈናጠራል። የባሕሩን ወለል ሲያነሳው ውኃውም አብሮ ይነሳል። ሱናሚ የምንለው ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 1907 ሲሜሉዌን ይኸው ገጠማት። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) ምድር ተናወጠች፤ ባሕሩ ወደ ኋላ ሸሸ፤ በደረቀው ወለል ላይ ዓሣ ይንፈራገጥ ጀመር። ሰዉ እሰየው ብሎ ዓሣ ሊለቅም ወረደ። ባሕሩ ተመልሶ ጠረጋቸው። የተረፉት ለማዕበሉ በቋንቋቸው «ስሞንግ» የሚል ስም ሰጡት፤ ታሪኩንም ለልጅ ለልጅ ልጅ ማውራት ያዙ። ትምህርቱ አጭር ነው፦ ምድር በኃይል ከተናወጠች፣ ባሕሩም ከሸሸ፣ ወደ ኮረብታ ሩጥ፤ ዕቃ አታንሳ፣ ማንንም አትጠብቅ።

ዘጠና ሰባት ዓመት አለፈ። ዲሴምበር 26 ቀን 2004 እሑድ ጠዋት፣ መጠኑ 9.1 የሆነ መንቀጥቀጥ 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል የባሕር ሥር ዐለት ሰነጠቀ። በሲሜሉዌ ሰሜናዊ ጫፍ ላንጊ በምትባል መንደር መናወጡ ካቆመ 10 ደቂቃ ሳይሞላ ከ10 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ውኃ ደረሰ። ሬድዮ አላስጠነቀቀም፣ ሳይረን አልጮኸም። ሰዉ «ስሞንግ! ስሞንግ!» እየተባባለ ኮረብታ ላይ ነበር። ከላንጊ 800 ነዋሪዎች አንድ ሰው አልጠፋም። ከጠቅላላው የደሴቲቱ 78,000 ያህል ሕዝብ የሞቱት ሰባት ናቸው።

ባሕሩን ተሻግሮ በአቼህ ግዛት ግን ከ160,000 በላይ ሰው ሞተ ወይም የገባበት ጠፋ። ማዕበሉ ሕንድ ውቅያኖስን አቋርጦ፣ ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ተጉዞ፣ ጎረቤታችን ሶማሊያ ድረስ ሰው ገድሏል። የአቼህ ሰው ሞኝ ሆኖ አይደለም። ተመራማሪዎች በዳርቻው የተከማቸውን አሸዋ ቆፍረው እንዳረጋገጡት፣ ከዚህ ጋር የሚወዳደር ማዕበል እዚያ የደረሰው ከስድስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ዘጠና ሰባት ዓመት ከአያት አፍ ይደርሳል፤ ስድስት መቶ ዓመትን ማን ያወራዋል?

እንዲያም ሆኖ ስሞንግን ሁሉን የሚፈታ ክታብ አድርጌ ላቅርበው አልልም። ኦክቶበር 25 ቀን 2010 በደቡብ በኩል በሜንታዋይ ደሴቶች የደረሰው መንቀጥቀጥ 7.8 ነበር፤ ግን ዝግ ያለ፣ ለስለስ ያለ መናወጥ ነው። ሰዉ የከረረ መናወጥ ለምዶ ስለነበር ይህን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። «በኃይል ከተናወጠች» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ያሳስታል፤ ዛሬ ባለሙያዎቹ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ መናወጥ ቀላል ቢመስልም ሩጡ ይላሉ።

አያት ያልደረሰችበትን ደግሞ ኮራል ያወራዋል። ኮራል እንደ ዛፍ በየዓመቱ ቀለበት ያበጃል፤ ከዝቅተኛው የባሕር ጠለል በላይ ማደግ አይችልም። ደሴቱ ስትሰምጥ ወደ ላይ ያድጋል፣ መንቀጥቀጥ ብድግ ሲያደርጋት አናቱ ይሞታል። ኬሪ ሲህ የተባሉት የጂኦሎጂ ሊቅና ባልደረቦቻቸው ይህን ጽሑፍ የሰባት መቶ ዓመት ያህል ወደ ኋላ አነበቡት፤ በሜንታዋይ በኩል ታላላቆቹ መንቀጥቀጦች በየሁለት መቶ ዓመቱ ገደማ እየተሰባሰቡ እንደሚመጡ አሳዩ። ከዚያ ፊት ለፊት፣ ዝቅ ባለ ሜዳ ላይ፣ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ያላት የፓዳንግ ከተማ ትገኛለች። በ2009 የደረሰባት 7.6 መንቀጥቀጥ ከ1,100 በላይ ሰው ቢገድልም፣ ያን የተጠራቀመውን ኃይል አላስተነፈሰውም።

በፓዳንግ በኩል የመጨረሻዎቹ ሁለት ታላላቅ መንቀጥቀጦች የደረሱት በ1797 እና በ1833 ነው።